አምባር ያላሰረ ሁሉ ፈቅዷል?



እዚህ አሜሪካ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው፣ የሚጠየቅ ቤተሰብ በጊዜው ካልተገኘ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ሊሰጠው ይችላል። ሕጉ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን በገደብ ይፈቅዳል፤ ተመራማሪዎቹ ግን አስቀድመው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር መመካከር አለባቸው።

ሕጉን አልቃወምም። ልቡ የቆመ ሰው ፎርም አይፈርምም። ጥያቄዬ፣ የተመካከሩት ከማን ጋር ነው?

በ2000ዎቹ አጋማሽ ፖሊሂም የተባለ የደም ምትክ በአደጋ ብዙ ደም በፈሰሳቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። አልፈልግም ያለ ሰማያዊ አምባር እንዲያስር ተባለ። ስለ ጥናቱ ያልሰማ አምባሩን ከየት ያምጣ? በ30 ቀን ውስጥ ምትኩ ከደረሳቸው 13.4 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 9.6 ከመቶ ሞቱ። ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ቢባልም ምርቱ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ።

የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ እናቶቻችን ጋ አይደርስም። ሕክምና የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክክር ሲጠራ ሂዱ፤ ተመራማሪዎቹን ከጁምዓ በኋላ መስጂድ ጋብዟቸው፤ አስተርጉሙ። መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ፣ እንቢ የሚባለው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። «አምባሩን ለዉዱእ ባወልቀውስ?» የሚሉ አባት ቢነሱ አትሳቁ። አውልቀው በረሱት ቀን መኪና ቢገጫቸው፣ አምቡላንሱ እንቢ ማለታቸውን በምን ያውቃል?