በጉለሌ መንደር ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በኅዳር ወር ብርዱ ቢጠነክርም ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ከማለዳ ጀምሮ ትደምቃለችና፣ ካሜራ ይዞ በጉለሌ መንደር ለመንሸራሸር ጊዜው የተመረጠ ነው።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። ከዚያ ዘመን የቀረልን መልክ አብዛኛው የመኳንንት ነው፤ የለበሱትን ሸማ የሠራው ሰው መልክ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ መጀመር ይሻላል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ አውርዶ መወርወሪያውን ሲወረውር ብርሃን የሚያገኘው በደጃፉ ነውና፣ አንሺው በሩን አይጋርድበት።

ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ በየደጁ ጥራጊ ማቃጠል ልማድ ነው፤ ይህም በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ያስታውሳል። ጢሱ በማለዳ ፀሐይ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ለፎቶግራፍ ብሎ ሕፃናትን በጢስ ውስጥ ማቆም ነውር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ማንሣት ነው። ከሸክሙ የተነሣ ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ፊቷን እንኳ ለመመለስ አይቻላትም፤ እንቢ ለማለት ያልተመቸውን ሰው ማንሣት ደግሞ ከመንጠቅ ይቆጠራል። ሸክሟን አስደግፋ እስክታርፍ ድረስ ይታገሡና «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ብለው ያስፈቅዱ። ብትፈቅድ፣ በእጅ ስልክም ቢያነሡ፣ በወረቀት አሳትመው ይስጧት። ባትፈቅድ ግን ካሜራዎን ከተው መንገዱን ይልቀቁላት።