የአምስተኛው ሌሊት ትጋህ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ከሮቤ ወደ ጎባ የሚጓዝ ሰው፥ ግራና ቀኙን የስንዴውንና የገብሱን አዝመራ እየተመለከተ ፈጣሪውን ሳያመሰግን አያልፍም። ይሁን እንጂ ይህ የበረከት ምድር እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ደጋዎች ሁሉ አንድ ጽኑ ደዌ ያውቃል፤ እርሱም ሆድን ድንገት ነፍቶ፥ ሰገራንና ነፋስን ከልክሎ፥ ትናንት ሲያርስ የዋለውን ብርቱ ገበሬ በጥቂት ቀናት ከሞት ደጃፍ የሚያደርሰው፥ ሕዝባችንም «አንጀቱ ታጠፈ» የሚለው የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው። ይኸው ደዌ በቦሊቪያና በፔሩ ተራሮች በሚኖሩ ሕዝቦችም ዘንድ የበዛ በመሆኑ፥ የምድሩ ከፍታና አሰር የበዛበት ምግብ ሳያግዙት እንዳልቀሩ ሊቃውንቱ ይገምታሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሲናና ገበሬ የሆኑት አጎቴ በዚህ ደዌ ተይዘው ኦፕራሲዮን በሆኑ ጊዜ አስታማሚያቸው እኔ ነበርሁ። የሞተው አንጀት ተቆርጦ ጤናማው ከጤናማው በተሰፋ በማግሥቱ፥ ጠያቂው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎ» እያለ፥ አጥሚቱንና ጩኮውን እየያዘ መጣ፤ እኛም ነገሩ የተፈጸመ መስሎን ልባችን አረፈ። በአምስተኛው ቀን ማታ ግን አጎቴ ዝም አሉ፤ ሆዳቸውም ተነፋ። ትኩሳት ስላልነበራቸው «የጎባ ብርድ ነው፥ ድካምም ነው» ተባባልን። ተረኛዋ ወጣት ነርስ ግን ሁለት ጣቶቿን በእጃቸው አንጓ ላይ አሳርፋ፥ ሰዓቷን እየተመለከተች አንዲት ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፤ 128 ሆነባት። ዳግመኛ ቆጠረች፤ ያው ነው። ንጋትን ሳትጠብቅ ሐኪሙን አስጠራች፥ ሐኪሙም መጣ፤ ስፌቱ አፍስሶ ነበርና በዚያው ሌሊት ሆዳቸው ተከፍቶ ታጠበ። አጎቴ ዛሬም በአውድማቸው ላይ ናቸው።

የተገጠመ አንጀት የሚያፈስስ እንደ ሆነ፥ ይህ በአብዛኛው የሚገለጠው ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ፥ ይኸውም ዘመድ ከጭንቀቱ አርፎ መዘናጋት በሚጀምርበት ሰሞን ነው። አስቀድሞ የሚናገረውም ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሳይሆን የልብ ትርታ ነው፤ ያረፈ ሰው ትርታ በደቂቃ ከ100 ሲበልጥ፥ ትንፋሹ ከ20 ሲያልፍ፥ ሊቀንስ የሚገባው ሕመም ሲብስ፥ ማስመለስ ሲመለስ፥ ሽንት ሲያንስ፥ ሽማግሌ ከሆነም ሲቀባዥር፥ ይህ ሁሉ ከውስጥ የተላከ መልእክት ነው። ላቦራቶሪው በተሟላበት ቦታ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለውን፥ ጉበት የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር መለካት ይረዳል፤ ከማናቸውም ኦፕራሲዮን በኋላ ከፍ ብሎ ከ3ኛው ቀን ወዲህ ሊወርድ የሚገባው ይህ ልክ፥ አልወርድም ካለ ወይም እንደ ገና ከወጣ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል። መመርመሪያው ባለቀ ጊዜ ግን ጣትና ሰዓት አያልቁም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፥ በ25 የአፍሪካ አገሮች ከ11,000 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከሞቱት 239 ሰዎች መካከል 94 በመቶ ያህሉ ያረፉት ከኦፕራሲዮኑ ዕለት በኋላ ነው። እንግዲህ ብዙውን ሕይወት የሚነጥቀው ቢላዋው ሳይሆን ከቢላዋው በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ተከታይ ጥናት፥ ክትትልን ማጠንከር ለብቻው ሞትን እንዳልቀነሰ አስረድቷል፤ እኔም ከዚህ የምረዳው፥ ያየ ዐይን የሚሰማው ጆሮና የሚደርስለት እጅ ካላገኘ ትጋሁ ከንቱ መሆኑን ነው። አጎቴን ያዳነችው ነርሷ በመቁጠሯ ብቻ አልነበረም፤ በጠራች ጊዜ ሐኪሙ በመምጣቱም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሆስፒታሎቻችንን የምለምነው፥ ነርስ በሌሊት መጥራቷ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ግዴታዋ እንዲቆጠርላት ነው። የሮቤና የጎባ ነዋሪዎችንም እለምናለሁ፤ ከደሎ መና ቆላ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ የመጣ ሕሙም፥ ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት ያንኑ መንገድ ተመልሶ ቢሄድና ሆዱ ቢነፋ፥ ከሐኪሙ የሚለየው ተራራ ነውና፥ ቢያንስ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ በቤታችሁ አሳድሩት። አንተም አስታማሚ የሆንህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ጧትና ማታ አንዲት ደቂቃ ሙሉ ትርታውን ቁጠሩ፥ በወረቀትም ጻፉ፤ ከ100 ካለፈ ወይም ሕሙሙ እንደ ትናንቱ ካልሆነ፥ ንጋትን ሳትጠብቁ ጥሩ።