ስለ ቤት ዋይፋይ መዘግየት፤ ነገርን ከሥሩ

ሥልጣኔ ወደ አንድ አገር ሲገባ ዕቃው ከዕውቀቱ ቀድሞ መድረሱ የተለመደ ነገር ነው። ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የሆነው እንዲሁ ነው። ዛሬ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፥ በእኛም በጅጋ፥ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለ ዋይፋይ ይወራል፤ ስለ ዋይፋይ ሲወራም የማይቀረው ቃል «ይዘገያል» የሚለው ነው። ለዚህም ችግር የሚታዘዘው መድኃኒት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ኩባንያውን መውቀስና ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ነው። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ከመውቀስና ከመክፈል አስቀድሞ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይገባናል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስፋትንና መዘግየትን መለየት ያስፈልጋል። ስፋት ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል መረጃ ማለፍ ይችላል ማለት ነው፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ ስንገዛ የምንከፍለውም ስለዚህ ነው። መዘግየት ግን አንዲት ትንሽ መልእክት ሄዳ እስክትመለስ የምትፈጀው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ፥ ማለት በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ከጅጋ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውቶቡስ ሠላሳ ሰው ቢይዝም ስድሳ ሰው ቢይዝም የመንገዱ ርዝመት አያጥርም። እንደዚሁም ሰፊ መስመር ፊልምን ቶሎ ያወርድ ይሆናል እንጂ፥ በቪዲዮ ትምህርት ላይ ጥያቄ ጠይቀን መልሱ ዘግይቶ የሚደርስበትን ምክንያት ላያስወግድ ይችላል።

መንገዱ ራሱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ብርሃን ፋይበር በሚባለው የመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የአዲስ አበባን መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ብናደርገው፥ ለመሄድ 2፥ ለመመለስም 2፥ በድምሩ 4 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ እንደ ጅቡቲ ባሉት ጎረቤቶች በኩል አልፎ ከባሕር ሥር ካለው ኬብል ጋር ይገናኛል። እስከ ኤውሮፓ ድረስ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው። በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች የየራሳቸውን ይጨምሩበታል።

እንግዲህ በቤታችን ያገኘሁትን ልናገር። ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቼ፥ ፒንግ በሚባለው መለኪያ ራሱን ራውተሩን ብጠይቀው በ1 ሚሊ ሰከንድ መለሰልኝ። ገመዱን ነቅዬ እዚያው አጠገቡ ሆኜ በዋይፋይ ብጠይቀው 3 ሆነ። ወደ ጓዳ ገብቼ ሃምሳ ጊዜ ደጋግሜ ስለካው ግን አንድ ጊዜ 5፥ አንድ ጊዜ 90፥ አንድ ጊዜም 300 ሚሊ ሰከንድ ፈጀ። ይህች መልእክት ከቤታችን ደጅ አልወጣችም። 300 ሚሊ ሰከንድ ማለት ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ 60,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝበት ጊዜ ነው፤ የምድር ዙሪያ ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እነሆ፥ ከጓዳ ወደ ሳሎን ደርሶ መመለስ ዓለምን ከመዞር የበለጠ ጊዜ ወሰደ! በዚህ ጊዜ ፓኬጅ መጨመር የጓሮ በር ተበላሽቶ ሳለ የአውራ ጎዳናውን እንደ ማስፋት ነው።

በቤት ውስጥ ለሚፈጠር መዘግየት ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የሞገዱ መንገድ ነው። ዋይፋይ በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ፥ በአንድ ቻናል ላይ ያሉት መሣሪያዎች በተራ እንጂ ባንድነት መናገር አይችሉም። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፥ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፥ ጎረቤት ሁሉ በአንዱ ላይ ከተሰበሰበ መጠባበቅ ይመጣል። ቆርቆሮና ብረት ሞገድን ይመልሳሉ፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳም ያዳክመዋል። በደንብ ያልደረሰ መልእክት እንደገና ይላካልና፥ መደጋገሙ መዘግየት ይሆናል። ይህን ለማቃለል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ኋላ ወይም ከብረት ሣጥን አጠገብ አንሥቶ በቤቱ መካከል ከፍ ባለ ስፍራ ማኖር፥ ቻናሉን መለወጥ፥ ከቦታው የማይነቃነቀውንም ኮምፒዩተር በገመድ ማገናኘት ይበቃል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ግን ከውጭ ያለውን ማማ ሞገድ በደንብ የሚያገኝበትንም ስፍራ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ወረፋ ነው። በወፍጮ ቤት አምስት ኩንታል በቆሎ የያዘ ሰው ቀድሞ ከተሰለፈ፥ አንድ ቁና ጤፍ የያዘች እናት እርሱ እስኪጨርስ ትቆማለች። በቤትም አንዱ ከስልኩ ረጅም ቪዲዮ በሚልክበት ጊዜ ራውተሩ ገና ያልተላከውን በማከማቻው ይደረድረዋል፤ የሌላው ትንሽ መልእክት ከዚያ ሁሉ ኋላ ይቆማል። ጂም ጌቲስ የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ይህን በሽታ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው በራሱ ቤት የገጠመውን መዘግየት ከመመርመር ተነሥቶ ነው። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ወረፋው ሳይረዝም የሚቆጣጠር ኮዴል የተባለ ዘዴ አሳተሙ። ይህን የመሰለ ዘዴ ያለባቸው ራውተሮች አሉ፤ በሌለበት ቤት ግን ስምምነት ዘዴውን ይተካል። ረጅም ቪዲዮ የሚልክ ሰው ሌላው ትምህርት በሚከታተልበት ሰዓት አይላክ፤ ሌሊት ይላከው። ፎቶግራፍ በራሱ የሚጭነውንም ስልክ ለዚያ ሰዓት ከልክሎ ማቆየት ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰዎች «እኛ ከፍለናል፤ መመርመሩ የኩባንያው ሥራ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከደጃችን ውጭ ያለው መስመር የኩባንያው ኃላፊነት ነው። ደግሞም ከቤት ውስጥ ጥረት በላይ የሆነ ችግር እንዳለ አልክድም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ ለዚያ መቋረጥ በቤት ውስጥ የሚገኝ መፍትሔ አልነበረም። ነገር ግን የውጭውን ጥፋት ለማስረዳት የሚችለው አስቀድሞ የቤቱን የመረመረ ሰው ነው። «ዘገየብን» ብቻ ብሎ ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» ተብሎ ይመለሳል። «ሌላ ማንም ሳይጠቀም፥ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፥ ራውተሩ በገመድ በ1 ሚሊ ሰከንድ ሲመልስ ከእርሱ ቀጥሎ በውጭ ያለው የመጀመሪያ ጣቢያ ግን 700 ፈጀ» ብሎ በወረቀት ጽፎ የሚያቀርብን ሰው ግን እንዲሁ በቀላሉ መሸኘት አይቻልም።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለአንዳንዶች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ስለዚህ በኮምፒዩተር መለማመድ የግድ ሆኖብናል። ለዚሁም መለማመጃ የወር ሒሳቡን የሚከፍሉልን ወላጆቻችን ናቸው። በቆሎና በርበሬ ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ ለማያስፈልግ ፓኬጅ እንዲጨምሩ ከማድረጋችን በፊት፥ ያንድ ምሽት ምርመራ ልናበረክትላቸው ይገባል። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ አንድ ረጅም ገመድና አንድ ደብተር አዘጋጅቶ፥ አባሎቹ በየቤታቸውና በየጎረቤታቸው እንዲለኩ፥ ያገኙትንም ቁጥር እንዲመዘግቡ አሳብ አቀርባለሁ። በአንድ ቤት የሚለካው ቁጥር የዚያን ቤት ችግር ያሳያል፤ በሃያ ቤት በአንድ ሰዓት የተለካው ቁጥር ግን የከተማይቱን መስመር ሁኔታ ያሳያል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የመዘግየትም ሥሩ አንዳንድ ጊዜ ሩቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከጓዳችን አያልፍም። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ግን ቁጣችን ሳይሆን መለኪያችን ነውና፥ ጓደኞቼ ተማሪዎች ሁሉ አስቀድመን እንለካ፥ ቀጥለን እናስተካክል፥ ከዚያም የቀረውን ለሚመለከተው ክፍል በማስረጃ እናቅርብ በማለት አስተያየቴን እፈጽማለሁ።