ተከራይም ባለመብት ነው

የምኖረው በዋሺንግተን ዲሲ፣ ማውንት ፕለዘንት በሚባለው ዛፍ የበዛበት ሰፈር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠራ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ሕንጻው ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ መቼ ነው የሚያስወጡን?» አሉኝ።

ሽያጭ ብቻውን ተከራይን አያስወጣም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የከተማዋ ሕግ የመግዛት ቅድሚያውን ለተከራዮች ይሰጣል። ማኅበር መሥርተው በጊዜው ካመለከቱ መግዛት፣ ገንዘብ ካነሳቸውም መብታቸውን ለሌላ ገዢ አስተላልፈው መደራደር ይችላሉ።

እማማ አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ። ተከራዩ ግን ከአከራይ እጅ ወጥቶ ቀበሌ እጅ ገባ እንጂ ባለመብት አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያየነው የዚህኑ ውጤት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩበትን ቤት በአጭር ጊዜ እንዲለቁ የተነገራቸው ብዙዎች ናቸው።

ከተማ አይታደስ የሚል የለም። ጥያቄው ነዋሪው ሲወሰንበት የሚሰማ ነው ወይስ ሲወሰን የሚካፈል? የሚለው ነው።

የዲሲው ሕግም ቢሆን ለተኛ አይሠራም፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ተከራዮች እንሰበሰባለን። እማማም «ቡናውን እኔ አፈላለሁ» ብለዋል።