ሎሚ ዓሣ አያበስልም!



ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በዳጣ የምትወዱ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ለልጅ ማጉረስ ግን ፈጽሞ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ሎሚ የዓሣውን ሥጋ ያነጣዋል እንጂ ባክቴሪያና ጥገኛ ትላትሎችን ለመግደል አይታመንም። የሚታመነው እሳት ነው። ነፍሰ ጡር እናቶችም ጥሬውን ተዉት።

«ዓሣ ማብሰል ይከብደኛል» ለምትሉ፣ አንድ ድስት ይበቃል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና እርድ አቁላሉ። ድንችና ካሮት ከውኃ ጋር ጨምሩና ይብሰል። ዓሣው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። መሐሉ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ ከተፈረፈረ በስሏል። ወደ መረቁ የወጣው ቫይታሚንም አይባክንም፤ እንጀራው ይጠጣዋል። 6 ወር ለሞላው ሕፃን ጨውና ቃሪያ ከመግባቱ በፊት ቀንሳችሁ አድቅቁለት።

አጥንቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት እየዳሰሳችሁ ልቀሙ። ጉሮሮ ላይ ከተሰካ ግን በእንጀራ ወይም በሙዝ ጉርሻ ልግፋው አትበሉ፤ ይበልጥ ሊወጋው ይችላል። ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዓሣ በልቶ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ለአፍታም አትቆዩ።

ዓሣን ለሽርሽር ቀን ብቻ አትተዉት። ቤታችሁ፣ በድስታችሁ፣ አብስላችሁ አብሉ።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ። ጤና ለሁላችን!