«አንቱ» ለማለት መታወቂያ አንጠይቅም

«እሱ ወይም እሷ አትበሉኝ፣ በዚህኛው ተውላጠ ስም ጥሩኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥም የብዙዎቻችን የመጀመሪያ መልስ ሹፈት ነው። «ደግሞ በአንዲት ቃል ሰው ይጎዳል?» እንላለን።

ይህን የምንለው እኛ መሆናችን ይገርማል። ጎልማሳ ወንድ «አንቺ» ሲባል ጠብ የሚነሳው በማን ሰፈር ነው? ሽማግሌን «አንተ» ያለ ጎረምሳስ ባለጌ የሚባለው የት ነው? «እርስዎ» እና «እሳቸው» ደግሞ ወንድና ሴት አይለዩም፤ በዚህ ተዋረድኩ ያለ ግን የለም። ተውላጠ ስም ክብር እንደሚሰጥም እንደሚነሳም ለማወቅ አማርኛ ተናጋሪ አስረጂ አያስፈልገውም።

«ቋንቋ ያበላሻል» የምትሉ ስዊድንን ተመልከቱ። በስዊድንኛ «ሃን» እሱ፣ «ሁን» እሷ ማለት ነው። ጾታ የማይለየው «ሄን» እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሐሳብ ደረጃ ቀረበ፤ በ2012 አገር አከራከረ፤ በ2015 የስዊድን አካዳሚ በሚያሳትመው የቃላት መዝገብ ገባ። «ሃን» እና «ሁን» ዛሬም በቦታቸው አሉ።

አዲስ ቃል ለአፍ ይከብዳል፤ እውነት ነው። የተሳሳተ ያርማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እያወቁ ደጋግሞ ባልተፈለገው መጥራት ግን ንቀት ነው። በስቶክሆልምም በዋሽንግተንም ስማችንን አጣመው ሲጠሩን የምንቆጣ ሰዎች ይህ ልዩነት አይጠፋንም።

የሌላውን ሰው ሕይወት መረዳት ጊዜ ይወስድ ይሆናል። አክብሮት ግን እስኪገባን አይጠብቅም፤ «አንቱ» ለማለት መታወቂያ ጠይቀን አናውቅም።