«ቤቶች!» ብሎ መጣራት ወንጀል ነውን?

በአገራችን ወግ እንግዳ ሰው በር በርግዶ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ የሚመልስለትን ድምፅ ሰምቶም ባለቤቱ አረጋዊ ይሁን ሕፃን፣ እንግዳ ተቀባይ ይሁን ቁጡ ይገምታል። የተመለሰለትን ድምፅ በመስማቱ ብቻ «ሌባ ነህ» የተባለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ወደ ኢንተርኔቱ ዓለም ስንሻገር ግን ይህ ቀላል እውነት የሚምታታበት ባለሥልጣን ጥቂት አይደለም። ደጅ ቆሞ የተጣራውን አጥር ከዘለለው ለይቶ ማየት አቅቶታል።

ይህን ያስባለኝ አንዲት አነስተኛ ስክሪፕት ናት። ድረ ገጾች በምን በምን ቴክኖሎጂ እንደተሠሩ የምትለይ ስክሪፕት በፓይተን ቋንቋ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። አንባብያን ሁሉ የሙያው ሰዎች አይደላችሁምና አሠራሯን ባጭሩ ላስረዳ።

አንድ ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ሰርቨሩ ከገጹ አስቀድሞ ራስጌ የሚባሉ ጥቂት መስመሮችን ይልካል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ብዙውን ጊዜ አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ ተብሎ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ስም፣ አንዳንዴም ከነእትም ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። ኩኪዎቹም ይናገራሉ፤ የኩኪው ስም «ፒኤችፒሴስአይዲ» ከሆነ ከጀርባ የፒኤችፒ ቋንቋ እንዳለ፣ «ጄሴሽንአይዲ» ከሆነ ደግሞ ጃቫ እንዳለ ያመለክታል። የገጹ ሥዕሎች አድራሻ «ደብሊውፒ-ኮንተንት» የሚል ከያዘ ገጹ በወርድፕሬስ ተሠርቷል ለማለት ያስደፍራል። ስክሪፕቷ የምትሠራው እነዚህን ምልክቶች ቀድሞ ከተዘጋጀ የአሻራ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ብቻ ነው። የይለፍ ቃል አትሞክርም፤ የተዘጋ አትከፍትም፤ ለማንኛውም ጎብኚ የሚሰጠውን አንብባ ትመለሳለች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ።

የመጀመሪያዋ እትም ግን አሳፍራኛለች። አንዲት ምልክት ባየች ቁጥር ፍርድ ትሰጥ ነበር። ስለ ወርድፕሬስ የሚያስተምር ጽሑፍ የያዘን ገጽ፣ ቃሉን ስላየች ብቻ፣ ራሱ በወርድፕሬስ የተሠራ ነው ብላ ደመደመች። ራስጌዎቹም ሆን ተብለው ሊጠፉ ወይም ሐሰት ሊጻፍባቸው እንደሚችሉ አላሰብኩበትም ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ክብደት ሰጠሁት፤ ሁለትና ሦስት ምስክር ሳይስማማ እንዳትፈርድ አደረግኋት። ይህ ትምህርት ከኮምፒውተር አልፎ ለእኛ ለፖለቲካ ጸሐፊዎችም የሚበጅ መስሎኛል።

ስክሪፕቷ ከተስተካከለች በኋላ፣ ዜጎች ስማቸውንና ስልካቸውን የሚሞሉበትን የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አየሁባት። ራስጌው ፒኤችፒ 5.6 እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። የዚህ እትም የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝን ቀዳዳ አዘጋጆቹ አይደፍኑትም። በቅንነት ስልክ ደወልኩ። ያነሡት ኃላፊ የተናገርኩትን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለመሆኑ ይህን እንድታይ ማን ፈቀደልህ?» ስለ ቀዳዳው አንድም ቃል አልጠየቁኝም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ሊያሳስበን ይገባል። ደጅ ቆሞ መልስ የማዳመጥ ጥበብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን እንደሠራ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ለባሕሬን የመብት ተሟጋቾች በተላኩ ኢሜይሎች ውስጥ ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ማግኘቱን አስታወቀ። በኦገስት ወር ራፒድ7 በሚባል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ክላውዲዮ ጓርኒዬሪ፣ ሶፍትዌሩ ይገናኘው ለነበረው ሰርቨር ተራ ጥያቄ ላከለት። ሰርቨሩም «ሀሎ ሽቴፊ» ሲል መለሰ። ምናልባት አንድ ፕሮግራመር ለወዳጁ የተወው ቀልድ ይሆናል፤ ያም ሆነ ይህ ሌላ ሰርቨር እንዲህ ብሎ አይመልስምና ቀልዱ አሻራ ሆነ። ይህንኑ ሰላምታ የሚመልሱ ሌሎች ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ሲፈለጉ ኢንዶኔዥያ፣ ኳታር፣ ቼክ፣ ሞንጎሊያ እያለ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ተገኘች። ነገሩ ይፋ ሲሆን ሰርቨሮቹ «ሀሎ ሽቴፊ» ማለታቸውን አቆሙ።

በማርች 2013 ደግሞ ሲቲዝን ላብ ተጨማሪ አሻራዎችን ተከትሎ፣ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ የሚገኝ የፊንፊሸር ሰርቨር ማግኘቱንና ከዚያ ጋር የሚገናኘው ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፎች እንደ ማጥመጃ መጠቀሙን ገለጠ። ተመራማሪዎቹ ግን በጥንቃቄ ነበር የተናገሩት፤ ሰርቨር በአንድ አገር መገኘቱ ብቻውን ተጠቃሚው የዚያ አገር መንግሥት ነው ለማለት እንደማያበቃ ጽፈዋል። አሻራ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ቢሆንም ምስክሩ ባይገኝ ኖሮ ጥያቄውን እንኳ የሚያነሣ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ቢሠራ፣ ተሰላዩ መሰለሉን ሳያውቅ በቀረ ነበር።

ይህ በሽታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የሴንት ሉዊስ ፖስት ዲስፓች ጋዜጣ፣ የመምህራን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሮች በአንድ የግዛቱ ድረ ገጽ ኮድ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚገኙ ደረሰበት። ጋዜጣው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ነገረ፤ ቀዳዳው እስኪደፈንም ዘገባውን አዘገየ። አገረ ገዥው ማይክ ፓርሰን ግን ጋዜጠኛውን ሰርሳሪ ብለው በመወንጀል በሕግ እንደሚጠየቅ ዛቱ። ምርመራ ተካሂዶ በፌብሩዋሪ 2022 ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይህ አይደለምን? ጥፋቱ ቁጥሮቹን ለዓለም ሁሉ የበተነው እጅ ሆኖ ሳለ፣ ዱላው ያረፈው «ተበትነዋል» ባለው ላይ ነበር።

«ይኸው ስክሪፕት ለሌባም ያገለግላል» የሚል መከራከሪያ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሌባው ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 የድሩፓል አዘጋጆች በ7ኛው እትም ላይ የተገኘን ከባድ ቀዳዳ ከነመድፈኛው ይፋ አደረጉ። ጥቃቱ በሰዓታት ውስጥ ተጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዘጋጆቹ ባወጡት ማሳሰቢያ፣ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልተጠገነ ድረ ገጽ ሁሉ እንደተሰበረ ይቆጠር አሉ። የሌባው ስክሪፕት በ7 ሰዓት ውስጥ ዓለምን ሲዞር፣ የቅን ዜጋው ስክሪፕት የፈቃድ ደብዳቤ ይጠብቅ ማለት ለማን ማድላት ነው? የእትም ቁጥሩን ከራስጌው መሰረዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩን ሳያድሱ ቁጥሩን ብቻ መሰረዝ ቁስልን በነጠላ መሸፈን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀልነት ደንግጓል፤ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ለጎብኚው ሁሉ የሚሰጠውን መልስ ማንበብ «መግባት» እንዳልሆነ፣ ቀዳዳ አይቶ በቅንነት የሚያሳውቅም ጥበቃ እንዳለው በማያሻማ ቃል ሊጻፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የመንግሥት ድረ ገጽ ቀዳዳ ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር ይግለጥ። ለዚህ ከባድ በጀት አያስፈልግም፤ «ሴኪዩሪቲ.ቲኤክስቲ» የተባለች የጥቂት መስመር ፋይል አድራሻ ይዛ ብትቀመጥ ይበቃል። አቀማመጧም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አቀፍ ሰነድ ተደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያወጣ መንግሥት፣ የዜጎቹን መረጃ የያዘው ቤት በሩ መዘጋቱን የሚጠይቀውን ሰው ሊቆጣ አይገባውም።

ስክሪፕት ለሚጽፉ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። በአንድ ጊዜ ሺህ ጥያቄ በመላክ ደካማ ሰርቨር አታንበርክኩ፤ ማንነታችሁን አትሸሽጉ፤ መልስ ሰምታችሁ ተመለሱ እንጂ አጥር አትዝለሉ። ያገኛችሁትን ደግሞ ከአደባባይ በፊት ለባለቤቱ ንገሩ። ጠያቂው ጨዋ ሲሆን የከሳሹ ሐሰት ይጋለጣል።

ያ ድረ ገጽ ዛሬም ፒኤችፒ 5.6 ነኝ እያለ ይመልሳል። እኔም ከደጅ ቆሜ «ቤቶች!» ማለቴን አልተውኩም።

ቸር ይግጠመን።